ኔትወርክ እስኪመጣ እግር አይወርድም

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከእናቴ መኝታ በር እስከ በረንዳው በር ድረስ፣ ስድስት ሜትር የውሃ ቧንቧ ተጋድሟል። ውሃ አይሄድበትም። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው፤ እኔም አሳጥሬ መልሼ አላውቅም። ልናገር ስጀምር ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ባለቤቴ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች፣ ሁለቱ ሴት ልጆቼ ደግሞ ቧንቧውን ይዘው በተግባር ማሳየት ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያቋርጠኝ ከጥግ እስከ ጥግ ልናገረው ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ የምትኖረው ከቤሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። እኔ «አዬ» ነው የምላት፤ በወላይትኛ እናትን የምንጠራበት ቃል ነው፤ ልጆቼም እኔን ሰምተው እንደዚያው ይሏታል። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እኛ ወዳለንበት ሶዶ ነይ ስንላት «እንሰቴን ለማን ትቼ?» እያለች አሻፈረኝ ብላ ኖራለች። አምና በሚያዝያ፣ ዝናብ ባራሰው ጓሮ ጎደሬ ስትቆፍር አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጧት። ሶዶ ያሉ ሐኪሞች ዳሌዋ ውስጥ ብረት አስገብተው ጠገኑላትና እኔ ቤት ገባች።

ችግሩ ያ ዳገት ነው። ከመኪና መንገዱ እስከ እሷ ደጃፍ ግማሽ ሰዓት ቁልቁል የሚያስኬድ የእግር መንገድ አለ፤ መኪና አይገባበትም፣ ሞተርም አይደፍረውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሳይሸፋፍን ነገረን፦ አጥንቱ ይገጥማል፣ ነገር ግን በየቀኑ እየቆመች ካልተለማመደች እግሯ ይከዳታል። በራሷ እግር ካልሄደች ደግሞ ወደ ቤቷ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እሷ ግን ቀኗን ቆርጣለች። መስከረም ላይ የሚውለውን ጊፋታን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ቤቷ መዋል አለባት። «ጊፋታን በሰው ቤት አልውልም» አለችኝ። ሰው ቤት! የገዛ ልጇን ቤት!

እኔ ኮሌጅ ውስጥ ብረታ ብረት ነው የማስተምረው። ባለሙያው «እየያዘች የምትራመድበት ነገር ያስፈልጋታል» ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ለእናቴ በእጄ የምሠራላት ነገር ተገኘ! ቧንቧውን ቆረጥኩ፣ ጫፉን አጎበጥኩ፣ መያዣዎቹን በየድኩ፣ ግድግዳውን በድሪል በስቼ አሰርኩት፣ ከግቢው በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት። ከመያዣዎቹ አንዱ በደንብ ስላልጠበቀ ሲነኩት ሲጥ ይላል፤ ነገ አጠብቀዋለሁ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ እናቴን ደግፌ አመጣኋት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

«ላም ልታስርበት ነው?»

«መደገፊያሽ ነው አዬ።»

«እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» አለችና ወደ አልጋዬ መልሰኝ አለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም። ግልፍተኛ ነኝ፣ አልዋሽም፤ ቁጣዬ ግን እንደ ፈንዲሻ ነው፣ ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ። ከጩኸቱ ሥር የነበረው ፍርሃት ነው፤ እግሯ ከቀን ወደ ቀን ሲቀጥን አየው ነበር። ባለቤቴ በለሰለሰ አንደበቷ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እኮ፣ እማማ» ብትላት፣ «እንቁላሉ ብረት አልገባበትም» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ሐምሌ ገባ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ የሰባትና የአራት ዓመት ልጆቼ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመውታል። እናታቸው ከቢሮ ደክሟት ስትገባ ስልኳን ሰጠቻቸውና ጋደም አለች። ጥቂት ቆይቶ ትልቋ ጮኸች።

«አባቢ! ና! የአዬ ብረት! ይቺም ሴትዮ አላት!»

ሮጥኩ። ስልኩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሴት፣ ጸጉሯን አናቷ ላይ ቋጥራ፣ ግድግዳው መስታወት በሆነ ክፍል ውስጥ የተጋደመ ረጅም እንጨት ይዛ ለትንንሽ ልጆች ባሌት ታስተምራለች። እንጨቱ በቁመቱም በአቀማመጡም ቁርጥ የእኔን ቧንቧ ነው! ስለ ባሌት የማውቀው በእግር ጣት መቆም እንዳለበት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሦስት ሳምንት የተናቀውን ሥራዬን ፈረንጅ በክብር ይዞት ሳይ ልቤ ዘለለ። «ያዙ!» አልኳቸው። «ሁለታችሁም ብረቱን ያዙ!»

ሴትዮዋ የምትለው አይገባንም፤ እኔ የምታደርገውን እያየሁ በአማርኛ አዛዥ ሆንኩ። ተረከዝ ከተረከዝ፣ ጣት ወደ ውጭ፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ቀና። ትልቋ ቶሎ ያዘችው። ያስቸገረችን ትንሿ ናት፤ ፒያኖው ሲጀምር ወገቧ ራሱን ችሎ ይነሳል። አይፈረድባትም። ወላይታ ውስጥ ሰው የሚጨፍረው በወገቡ ነው፤ እግር ወገብን ተከትሎ የሚመጣ ነገር ነው። የስልኩ ሴትዮ ደግሞ ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ ቀጥ እንዳለች ናት። የትንሿን ወገብ በሁለት እጄ ጥፍንግ አድርጌ ስይዘው ትከሻዋ ተነሳ። ትከሻዋን ስይዘው ወገቧ ተነሳ። ሦስታችንም ወለሉ ላይ በሳቅ ተንከባለልን።

ተነስተን እንደገና ጀመርን። «ቁጭ! ብድግ! ቁጭ! ብድግ!» እያልኩ ስጮህ የእናቴ ድምፅ ከክፍሏ መጣ።

«አንተ! ልጆቹ ምን አጥፍተው ነው የምትቀጣቸው?»

እውነቷን ነው፤ ቁጭ ብድግ የተማሪ ቅጣት ነው፣ እኔም በልጅነቴ ጠግቤዋለሁ። አልቀጣሁም ብዬ ብምል አላመነችኝም፤ በዓይኔ ካላየሁ አለች። ደግፌ አወጣኋትና ከቧንቧው ፊት ለፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«ቅጣት አይደለም አዬ፣ ዳንስ ነው» አለች ትልቋ።

እናቴ በወጣትነቷ ጌታን ከተቀበለች ጀምሮ ዘፈን በደጇ አልፎ አያውቅም። «ዘፈን ነው መዝሙር?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? ፒያኖ ብቻ ነው። «ቃል የለውም» አልኳት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ የተደበቀ ቃል ካለ ብላ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ቃል ከሌለው በምን ይከሰሳል?» አለች በመጨረሻ። ዳኝነቱ በዚሁ አለቀ።

ስልኩን ግን አልመለሰችም። ከጆሮዋ ወደ ዓይኗ አመጣችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አቀረበችው። ከእኔ ጋር በወላይትኛ ነው የምታወራው፤ ለልጆቼ ስትል ግን ወንዱም ሴቱም በተቀላቀለበት አማርኛዋ ትናገራለች።

«አይ ምስኪን!» አለች። «ይሄ ሴትዮ እንደ እኔ ነው። ዳሌው ብረት ገብቶበታል።»

«የቷ ሴትዮ?» አልኩ።

«ይሄ ነዋ! አየህ?» አለች ወደ ትንሿ ዞራ። «ሙዚቃ አለ፣ ወገቡ ዝም። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይሆናል? ይሄ ሆስፒታል ነው። ብረቱን ይዞ ይለማመዳል።»

ላርማት አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከኋላ መጥታ እግሬን ረገጠችኝ። ዘጋሁት።

«ከተሰበረ ስንት ጊዜው ነው?» ብላ ጠየቀች እናቴ።

«ቆይታለች» አለች ባለቤቴ፣ ፊቷ ቅንጣት ሳይለወጥ።

«ጎበዝ ነው» አለች እናቴ። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሲጥ የሚለው መያዣ ቀሰቀሰኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። እናቴ በሁለት እጇ ቧንቧውን ይዛ፣ ተረከዝ ከተረከዝ ገጥማ፣ ጣቶቿን ወደ ውጭ ከፍታ ቆማለች። ባለቤቴን ቀስቅሼ ፊታችንን ትራሱ ውስጥ ቀብረን ሳቅን፤ እኔማ መሳቄን ይሁን ማልቀሴን ራሴም አላውቀውም ነበር።

የቤታችን የባሌት ትምህርት በዚህ መልክ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ትልቋ ከፊት፣ አዬ ከመሐል፣ ትንሿ ዝቅ አድርጌ በሠራሁላት ሁለተኛ ቧንቧ ከኋላ ይሰለፋሉ። ባለሙያውን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፤ ጉልበቷን ብዙ እንዳታጥፍ ብቻ አስጠንቅቆ ፈቀደ። ልጆቹ ያረጀ አጎበር ቆርጠው ወገባቸው ላይ በላስቲክ ሰበሰቡና እንደ ስልኩ ሴትዮ ለበሱ። ባለቤቴ «አጎበር ለወባ ነው!» ብላ ስትቆጣ አዬ ቁራጩን ተቀብላ ራሷ ላይ ሻሽ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ በኋላ ስለ አጎበር የተናገረ የለም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፦ ኔትወርኩ። በክረምት ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ሴትዮዋ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ እንዳለች ድርቅ ትላለች፣ ስልኩ መሐል ላይ ትንሽ ክብ መዞር ትጀምራለች። ልጆቼ ይህንን የዳንሱ አካል አድርገው ወሰዱት። እነሱም እግራቸውን ዘርግተው ድርቅ ይላሉ። ክቧ እስክትጠፋ፣ ሴትዮዋ እስክትንቀሳቀስ፣ ማንም እግሩን አያወርድም።

አዬም አላወረደችም። ጤነኛ እግሯን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋ፣ ብረት በገባበት እግሯ ላይ ትቆማለች። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል። ልቀመጥ ብትል ትንሿ ትጮሃለች፤ «አይወርድም አዬ! ሴትዮዋ አላወረደችም!» ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆም እምቢ ያለች እናቴ ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ትታዘዛለች። አስተማሪ ነኝ ባዩ እኔ፣ ይሄ እኮ የኔትወርክ ችግር ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ኔትወርክ እንዳይመጣ ጸለይኩ።

በነሐሴ ለቀጠሮዋ ሆስፒታል ወሰድኳት። ባለሙያው የመለማመጃውን ብረት አስያዛትና «እስቲ የሚሠሩትን ያሳዩኝ» አላት። ተረከዝ ገጠመች፣ ሸብረክ አለች፣ ቀና አለች፣ እግሯን ወደ ኋላ ዘረጋች። ከዚያ ድርቅ አለች። ሰውየው ጠበቀ። እኔን አየኝ። እሷ ግድግዳውን እያየች ቆማለች።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ኔትወርክ የለም» አለችው።

ጉዳዩን ሳስረዳው ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» እያለ ዓይኑን ይጠርጋል። ሲረጋጋ እግሯን ዳሰሰ፣ አስገፋት፣ አሳረፋት። ከዚያ ያለ ሳቅ ነገረኝ፦ ምንም ሳትይዝ ከቤት እስከ ግቢ በር ደርሳ ከተመለሰች ቤሌ መሄድ ትችላለች። ጊፋታ ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል።

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ ሊበላሽ የደረሰው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ትልቋ ስልኩን ለአዬ እያሳየች አገኘኋቸው። ያቺው አስተማሪ ናት፤ ግን አሁን መድረክ ላይ ናት። ትሮጣለች። ትዘላለች። አየር ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ምንም ሳትይዝ፣ እንደ ቀላል ነገር ታርፋለች። እናቴ ስልኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ብረት የገባበት ሰው አይዘልም» አለችኝ በወላይትኛ።

«አዬ...»

«ስታውቅ ነው ዝም ያልከው?»

«አዎ።»

«ስትስቁብኝ ነው የከረማችሁት።»

ብድግ ብላ፣ ቧንቧውን ሳትይዝ፣ በግድግዳው እየታከከች ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን አልወጣችም። ያኔ አልጮህኩም፤ የምጮህበት ሰው አልነበረም፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አዎ፣ ስቄያለሁ። ግን በእሷ አልሳቅሁም ብዬ እንዴት ላስረዳት? በሯ ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ልጆቹም ያለ እሷ አንሠራም ብለው አጎበራቸውን አወለቁ። ሳሎኑ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እነዚያን ሁለት ቀናት የጠላሁትን ያህል የጠላሁት ቀን የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲጥ አለ።

ከአልጋ ዘልዬ ወጣሁ። ባለቤቴም ልጆቹም ከየክፍላቸው ብቅ አሉ። እናቴ ሻሿን አስራ ቧንቧው አጠገብ ቆማለች።

«ሳስበው ከረምኩ» አለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ። «ጤነኛ ነው አላችሁ። ጤነኛ ሆኖ ወገቡ እንዲህ ከደረቀ፣ በሽተኛው እሱ ነው። እኔ ብረት ገብቶብኝ እንኳ ይሄው!»

ወገቧ ተንቀሳቀሰ። እንቅስቃሴዋ ትንሽ ናት፣ ያላተኮረ ሰው አያያትም፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ በቃ። ትንሿ ልጄ ግን «አዬዬዬ!» ብላ በራሷ ወገብ መለሰችላት። ባለቤቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እናቴ እየሳቀች ቧንቧውን ለቀቀች፣ መልቀቋንም ያስተዋለች አይመስለኝም፤ በረንዳው በር ላይ ደርሳ «ሻይ የለም እዚህ ቤት?» ስትል ነው ሁላችንም የጮህነው።

ከዚያ በኋላ የግቢው በር ሩቅ አልሆነባትም። መጀመሪያ በትልቋ ትከሻ፣ ቀጥሎ በዱላ፣ ቀጥሎ ዱላውን እንደ ጌጥ ይዛ። ስትመለስ በየቀኑ አንድ ነገር ትናገረኛለች፤ በሩ ዘይት ይፈልጋል፣ አጥሩ ዘሟል፣ ጎረቤትህ ውሻውን አያበላም። ድናለች ማለት ነው።

የጊፋታ ሳምንት ሲገባ በጠዋቱ አውቶብስ ቤሌ ወሰድናት። የሚያስቀው ነገር፣ ክረምቱን ሙሉ እንድትሄድ ስለፋ ኖሬ፣ ሻንጣዋን ስይዝ ክንዴ እምቢ አለኝ። አንድ ጊዜ ድኚና ሂጂ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምነው እግርሽ ትንሽ ቢቆይ፤ የሰው ልብ እንዲህ ያለ ወላዋይ ነው።

ከመኪና መንገዱ ወርደን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ቆምን። መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ክንዴን ሰጠኋት፣ አልተቀበለችም። ሊያዳልጥ የሚችለው ቦታ ስትደርስ ቆመች፣ ተረከዟን ከተረከዟ ገጠመች፣ ጣቶቿን ወደ ውጭ ከፈተች፣ በጎን በጎን አንድ አንድ እርምጃ ወረደች። ልጆቼም ከኋላዋ እንደዚያው፣ እኔም ሻንጣ ተሸክሜ እንደዚያው። ያየን ሰው ምን እንዳለ ባላውቅም፣ አንዳችንም አልወደቅንም። ግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ደጃፏ ደርሳ የበሩን መቃን በመዳፏ ስትነካ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሶዶ ስንመለስ ቧንቧውን ልነቅለው አሰብኩ፤ ልጆቹ አላስነኩኝም። አሁን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደዋውላለን። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ቧንቧው አጠገብ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን። መጀመሪያ የደወልን ቀን ብዙ አወራች፤ ጊፋታ እንዴት እንዳለፈ፣ ማን እንደመጣ፣ የቃሪያው ማባያ፣ ዳጣው፣ እንዴት እንዳቃጠለ። ከዚያ «ትናንትና ደግሞ ላሟ...» አለችና ድምፁ ቁርጥ አለ።

«አዬ? አዬ!» ስልኩን አንስቼ ልነቀንቀው ስል ዞር አልኩ። ሁለቱ ልጆቼ ቧንቧውን ይዘው፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ድርቅ ብለዋል።

«አባቢ፣ ኔትወርክ ነው» አለችኝ ትንሿ፣ ሳትንቀሳቀስ። «እግርህን አንሳ።»

አነሳሁ። ባለቤቴም ጭልፋ እንደያዘች ከማድ ቤት ወጥታ አየችንና ምንም ሳትጠይቅ ቧንቧውን ያዘች። ሲጥ አለ። ቆምን። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እናቴ ያን ክረምት ሙሉ ምን እንደቻለች ያኔ ነው የገባኝ።

ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

«አላችሁ?»

«አለን አዬ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የበሩን መቃን ይዤ ነው» አለች። «እኔም አላወረድኩም።»